ከአፕዴት በኋላ የሚጠፋው ብሉቱዝ

የስርዓተ ክወና አፕዴት ጨርሶ በተነሳ ኮምፒውተር ላይ በተደጋጋሚ ከሚታወኩ ክፍሎች አንዱ ብሉቱዝ ነው። ማታ ሲሠራ ያመሸ ማውስ ጠዋት አይንቀሳቀስም፤ ሄድፎኑ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ እየታየ አይገናኝም፤ አንዳንዴም የብሉቱዝ መክፈቻና መዝጊያ ቁልፉ ራሱ ከሴቲንግ ገጹ ላይ ጠፍቶ ይገኛል። ዋይፋዩ ግን እንደ ወትሮው ይሠራል። በዚህ ጊዜ ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው መፍትሔ ፎርማት ነው። ፎርማት ፋይልና ጊዜ ይበላል፤ ብልሽቱ የፈርምዌር ወይም የኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ምንም ላይፈይድ ይችላል። ከአፕዴት በኋላ የሚመጣ የብሉቱዝ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ደረጃ ላይ የተወሰነ ነው፤ የትኛው ደረጃ እንደሆነም ምልክቱን ለሚያነብ ሰው ኮምፒውተሩ ራሱ ያሳያል።

ብሉቱዝ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድን ሉንድ ከተማ፣ በኤሪክሰን ኩባንያ ውስጥ ነው። በ1998 ኤሪክሰን፣ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ኖኪያና ቶሺባ ደረጃውን የሚያወጣውን ማኅበር በአንድነት መሠረቱ። በዊንዶውስ በኩል መጀመሪያ ላይ ሥራውን የሚሠሩት እንደ ዊድኮም፣ ቶሺባና ብሉሶሌይ ያሉ፣ ከአዳፕተሩ ጋር በሲዲ የሚመጡ ፕሮግራሞች ነበሩ። ማይክሮሶፍት የራሱን የብሉቱዝ ሶፍትዌር ለብዙኃኑ ተጠቃሚ ያደረሰው በ2004 በወጣው የዊንዶውስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 ነው። ከዚያ ወዲህ የሥራ ክፍፍሉ ተለወጠ። መሣሪያዎችን ማጣመር፣ ቁልፍ መያዝና ግንኙነቱን መምራት በስርዓተ ክወናው እጅ ገባ፤ ቺፑን የሚያስነሳው የታችኛው ድራይቨርና ፈርምዌሩ ግን በቺፕ ሠሪዎቹ፣ ማለትም በኢንቴል፣ በሪልቴክ፣ በኳልኮም፣ በብሮድኮምና በሚዲያቴክ እጅ ቀረ።

በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ይህ ክፍፍል ይበልጥ ተወጠረ። ስርዓተ ክወናው በየወሩ የሚታደስ፣ በየጊዜውም አዲስ ስሪት በላዩ ላይ የሚጫንበት ሆነ። የቺፕ ሠሪውና የላፕቶፕ ሠሪው ሥራ ግን በዚያ ፍጥነት አይሄድም፤ ላፕቶፕ ሠሪው አንድን ሞዴል ለተወሰኑ ዓመታት ከደገፈ በኋላ አዲስ ድራይቨር ማውጣቱን ያቆማል። ላይኛው ክፍል ሳያቋርጥ እየታደሰ ታችኛው ባለበት ሲቆም፣ መጀመሪያ የሚላላው ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። «አፕዴቱ አበላሸው» የሚባለው ችግር ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

ዋይፋይ እየሠራ ብሉቱዝ ብቻ መጥፋቱ ብዙዎችን ግራ ያጋባል፤ ሁለቱ አንድ ካርድ ላይ እንዳሉ የሚያውቁትን ደግሞ ይበልጥ። ምክንያቱ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው አነስተኛ የሽቦ አልባ ካርድ ዋይፋዩን የሚያገናኘው በፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ሲሆን፣ ብሉቱዙን የሚያገናኘው በውስጣዊ ዩኤስቢ መስመር ነው። ለኮምፒውተሩ ብሉቱዝ ማለት ከውጭ እንደሚሰካ ፍላሽ ሁሉ አንድ የዩኤስቢ ዕቃ ነው። ስለዚህ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያውን አሠራር ወይም የኃይል ቁጠባውን የሚነካ አፕዴት ዋይፋዩን ሳይነካ ብሉቱዙን ሊጥለው ይችላል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ፈርምዌሩ ነው። ብዙዎቹ የብሉቱዝ ቺፖች የሚሠሩበትን ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ በውስጣቸው አይዙም፤ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ድራይቨሩ ፈርምዌሩን ከዲስክ አንብቦ ወደ ቺፑ ይጭናል። ድራይቨሩ ተቀይሮ የማይስማማ ፈርምዌር ከጫነ፣ ወይም ጭነቱ መሐል ላይ ከተቋረጠ፣ ቺፑ በአካል ጤነኛ ሆኖ ሳለ መልስ መስጠት ያቆማል።

አፕዴቱ ድራይቨሩን የሚነካባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። ትልቁ የስሪት ለውጥ ሲደረግ ዊንዶውስ ቀድሞ የነበሩትን ድራይቨሮች ወደ አዲሱ ስሪት ያሻግራል፤ ያልተሻገረ ካለ ከራሱ ክምችት ወይም ከዊንዶውስ አፕዴት ሌላ ይፈልጋል። ሲመርጥም ፊርማውን፣ ከዕቃው መለያ ቁጥር ጋር ምን ያህል በቅርብ እንደሚገጥም፣ ከዚያም ቀኑንና የስሪት ቁጥሩን ያያል። ለዚያ ላፕቶፕ ተብሎ የተስተካከለውን ድራይቨር ቀኑ አዲስ የሆነ ሌላ ድራይቨር የሚበልጥበት ጊዜ የሚመጣው በዚህ ደንብ ነው። ምንም የሚገጥም ካልተገኘ ደግሞ የማይክሮሶፍት አጠቃላይ ድራይቨር ይገባል። የኮምፒውተሩን ዕቃዎች በሚዘረዝረው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የኢንቴል ወይም የሪልቴክ ስም ሊኖር በሚገባው ቦታ «ጄኔሪክ ብሉቱዝ አዳፕተር» የሚል ስም ከታየ የሆነው ይኸው ነው። ፈርምዌር ለማይፈልጉ ቀላል አዳፕተሮች አጠቃላዩ ድራይቨር ይበቃል፤ በየጊዜው ፈርምዌር ለሚጫንባቸው ቺፖች ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

እንዲህ ዓይነቱ አለመግባባት በይፋ የታመነበት ጊዜም አለ። በ2019 የወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት 1903 ከአንዳንድ የሪልቴክና የኳልኮም ብሉቱዝ ድራይቨሮች ጋር እንደማይስማማ ማይክሮሶፍት ራሱ አስታውቆ፣ እነዚያ ድራይቨሮች ያሉባቸው ኮምፒውተሮች አዲሱን ስሪት እንዳያገኙ አግዷል። በዓመቱ በስሪት ቁጥር 2004 ላይ ደግሞ አሮጌ የሪልቴክ ድራይቨር ያላቸው ኮምፒውተሮች ከአንድ በላይ የብሉቱዝ ዕቃ ማገናኘት ተቸግረው ነበር። ማውሱ ተገናኝቶ ኪቦርዱ እምቢ ያለው ተጠቃሚ ዕቃው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል፤ ጥፋቱ ግን የድራይቨሩ ነበር። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች የሚያሳዩት ቁም ነገር አፕዴቱን የሚያወጣው ወገንም ድራይቨሩን አስቀድሞ መፈተሽ ግዴታው መሆኑን ነው። ተጠቃሚው ላይ ብቻ የሚጣል ሸክም አይደለም።

ፍለጋው የሚጀመረው ከዲቫይስ ማኔጀር ነው፤ እዚያ የሚታየው ነገር ቀጣዩን እርምጃ ይወስናል። «ብሉቱዝ» የሚለው ክፍል ከነጭራሹ ከሌለ፣ የተደበቁ ዕቃዎችን የሚያሳየው ምርጫ ከ«ቪው» ሜኑ ውስጥ ይከፈታል። አዳፕተሩ ደብዝዞ ከታየና የስህተት ኮዱ 45 ከሆነ፣ ድራይቨሩ አለ፤ ዕቃው ግን አይታይም ማለት ነው። ያኔ ድራይቨር ማውረድ ጊዜ ማባከን ነው። በዩኤስቢ ክፍል ውስጥ ኮድ 43 የያዘ «የማይታወቅ ዩኤስቢ ዕቃ» ከታየ ቺፑ ተጠርቶ በትክክል አልመለሰም። ኮድ 28 ድራይቨር አለመኖሩን፣ ኮድ 10 ድራይቨሩ ገብቶ ዕቃው መነሳት አለመቻሉን፣ ኮድ 52 ደግሞ የድራይቨሩ ዲጂታል ፊርማ ተቀባይነት ማጣቱን ይናገራል። የመጨረሻው በአግባቡ ባልተፈረሙ ድራይቨሮች ላይ ሊያጋጥም ይችላል፤ ዊንዶውስ 10 ከስሪት 1607 ጀምሮ አዳዲስ የከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ድራይቨሮች በማይክሮሶፍት በኩል እንዲፈረሙ ያስገድዳልና። አዳፕተሩ ያለ ምንም የማስጠንቀቂያ ምልክት ተቀምጦ ግንኙነት ብቻ እምቢ ካለ ግን ድራይቨሩን መነካካት አያስፈልግም፤ ችግሩ ያለው ከእሱ በላይ ነው።

ዕቃው የማይታይ ወይም ኮድ 43 የሚያሳይ ከሆነ የመጀመሪያው እርምጃ ኤሌክትሪኩን ሙሉ በሙሉ ማቋረጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ይኸውም ሻት ዳውን ማድረግ ኮምፒውተሩን ከሪስታርት ይበልጥ ያጠፋዋል የሚለው ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ባለው ፈጣን አነሳስ፣ ማለትም በ«ፋስት ስታርትአፕ»፣ ሻት ዳውን ሲደረግ የስርዓቱ ውስጠኛ ክፍል ዲስክ ላይ ተቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ እንዳለ ይመለሳል። ስርዓቱን ከመጀመሪያው የሚያስነሳው ሪስታርት ነው። ሪስታርት ግን በበኩሉ ለቺፑ የሚደርሰውን ኃይል ላያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፑ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ይወጣል፤ ከዚያም የማብሪያው ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ ይያዛል። በዴስክቶፕ ላይ ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ እንዲሁ ማድረግ ነው። ፈርምዌሩ ተጭኖ ሳያልቅ የተንጠለጠለ ቺፕ ኃይሉ ሲቋረጥ ሁሉን ረስቶ ከመጀመሪያው ይነሳል። ይህ እርምጃ ወጪ የለውም፣ ፋይል አይነካም፤ ከማንኛውም የድራይቨር ሥራ በፊት መቅደሙ ተገቢ ነው።

ብሉቱዙ ኮምፒውተሩ እንደተነሳ ሠርቶ ከእንቅልፍ ሲነቃ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ መፈተሽ ያለበት ኃይል ቁጠባው ነው። በዲቫይስ ማኔጀር በሚከፈተው የአዳፕተሩ ገጽ ላይ «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደው ምልክት ይነሳል። አዲስ ድራይቨር ሲገባ ይህ ምርጫ ወደ መነሻው ሊመለስ ስለሚችል፣ ከዚህ በፊት የተነሳ ምልክት ከአፕዴት በኋላ ዳግም ሊገኝ ይችላል።

ኮድ 10 የታየበት ወይም አጠቃላዩ ድራይቨር የተተካበት ኮምፒውተር የሚፈልገው ትክክለኛውን ድራይቨር ነው። በቅርብ የተለወጠ ከሆነ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለው ቁልፍ ወደ ቀድሞው ይመልሳል። ቁልፉ ደብዝዞ የማይጫን ከሆነ የቀድሞው ድራይቨር አልተቀመጠም። ትልቁ የስሪት ለውጥ ራሱ ከሆነ ችግሩን ያመጣው፣ ወደ ቀደመው ስሪት የመመለሻው መንገድ በተለመደው አሠራር ለ10 ቀናት ብቻ ክፍት ነው።

ድራይቨሩን አጥፍቶ ሪስታርት ማድረግ ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ብዙ ጊዜም ውጤት አልባ የሚሆነው ግማሹ ብቻ ስለሚሠራ ነው። ዊንዶውስ የተጫኑ ድራይቨሮችን ቅጂ «ድራይቨር ስቶር» በሚባል የራሱ ክምችት ውስጥ ያስቀምጣል። «አንኢንስቶል ዲቫይስ» ሲባል በሚመጣው ሳጥን ውስጥ ድራይቨሩንም ለማስወገድ የሚጠይቀው ምልክት ካልተደረገ፣ የሚወገደው ዕቃው ከድራይቨሩ ጋር የነበረው ትስስር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያንኑ የተበላሸ ድራይቨር ከክምችቱ አውጥቶ ይመልሰዋል። ምልክቱ ተደርጎ ሲወገድ ግን የሚተካው ድራይቨር አስቀድሞ በእጅ መገኘት አለበት። ኪቦርዱና ማውሱ በብሉቱዝ ብቻ የሚሠሩ ከሆኑ ደግሞ ባለ ሽቦ ማውስ ሳያዘጋጁ ይህን ሥራ መጀመር በገዛ እጅ ራስን ከኮምፒውተሩ ውጭ መቆለፍ ነው።

ድራይቨሩ ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ የላፕቶፑ ሠሪ ድረ ገጽ ነው፤ በሞዴሉ ስም ወይም በሴሪያል ቁጥሩ ተፈልጎ ይገኛል። ቀጥሎ የቺፕ ሠሪው ይመጣል። ቺፑ የማን እንደሆነ ለማወቅ በአዳፕተሩ ገጽ ላይ «ሃርድዌር አይዲ» የሚለውን መመልከት ይበቃል፤ የአምራች ቁጥሩ 8087 ከሆነ ለምሳሌ ቺፑ የኢንቴል ነው። በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ውስጥ አማራጭ አፕዴቶች በሚባለው ክፍል የሚቀመጡ ድራይቨሮችም አሉ። ለሁሉም ኮምፒውተር እንሆናለን የሚሉት የድራይቨር ማግኛ ፕሮግራሞች ግን አይመከሩም። በመለያ ቁጥር የሚመሳሰል እንጂ ለዚያ ላፕቶፕ የተሠራ ድራይቨር ለማምጣታቸው ዋስትና የለም፤ ያልተጠየቀ ፕሮግራምም ጨምረው የሚጭኑ አሉ። ኢንተርኔት በዳታ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ከብዙ ሜጋባይት ከንቱ ጥቅል ይልቅ አንዱን ትክክለኛ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይሻላል።

አዳፕተሩ ጤነኛ ሆኖ አንድ ዕቃ ብቻ የማይገናኝ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ቁልፎች ይዞራል። ሁለት የብሉቱዝ ዕቃዎች ሲጣመሩ ሚስጥራዊ ቁልፍ ፈጥረው ሁለቱም ያስቀምጡታል። አፕዴቱ ወይም አዲሱ ድራይቨር በኮምፒውተሩ በኩል ያለውን ካጠፋው፣ ሄድፎኑ አሮጌውን ቁልፍ ይዞ ይጠብቃል፤ መግባባትም አይኖርም። መፍትሔው ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ዝርዝር ማስወገድ፣ ኮምፒውተሩንም ከዕቃው ማኅደር ማጥፋትና እንደ አዲስ ማጣመር ነው። ከሁለቱ ወገን በአንዱ ብቻ ማጥፋት ላይበቃ ይችላል። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ሲኖሩም ይኸው ችግር ይታያል፤ አዳፕተሩ አንድ ስለሆነ ዕቃው የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ የተጣመረውን ስርዓት ቁልፍ ብቻ ነው።

አፕዴቱ ሆን ብሎ ግንኙነት የሚከለክልበት ጊዜም አለ፤ ይህንን ከብልሽት መለየት ያስፈልጋል። በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የማይክሮሶፍት የደኅንነት አፕዴት፣ ግንኙነታቸውን የሚያመሰጥሩት በዓለም ሁሉ በታወቀ ቁልፍ የሆኑ የብሉቱዝ ዕቃዎችን አግዷል። ምልክቱ በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ ከ«ቢቲኤች ዩኤስቢ» የሚመጣ ቁጥር 22 መልእክት ነበር። እንዲህ ዓይነት ዕቃ እንዲሠራ ሲባል አፕዴቱን ማንሳት ትክክል አይደለም፤ ጥፋቱ የዕቃው ነውና ከዕቃው ሠሪ ማስተካከያ መጠየቅ ወይም ዕቃውን መቀየር ነው። በ2017 ይፋ የሆነው ብሉቦርንና በ2019 ይፋ የሆነው ኖብ የተባሉት ድክመቶች እንዳሳዩት፣ ያልታደሰ ብሉቱዝ ለጥቃት የተጋለጠ በር ነው። አፕዴት ያስቸግራል ብሎ ለዘለቄታው መዝጋት ከዚህ አንጻር ሲመዘን ጉዳቱ ይበልጣል።

በድራይቨር ላይ ያለ አግባብ የሚሳበቡ ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው የድምፅ ጥራት መውረድ ነው፤ በተለመደው ብሉቱዝ የሄድፎኑ ማይክ ሲከፈት ግንኙነቱ ከሙዚቃ ወደ ስልክ አሠራር ስለሚሸጋገር ድምፁ ይቀጥናል። ሁለተኛው የማውስ መንቀጥቀጥ ነው። ብሉቱዝ የሚሠራበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ከዩኤስቢ 3.0 ዕቃዎችና ገመዶች በሚወጣ ጫጫታ እንደሚታወክ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል። ከውጭ የሚሰካውን ትንሽ አዳፕተር ከውጫዊ ሃርድ ዲስኩ አርቆ በማራዘሚያ ገመድ መሰካት ያለ ምንም ድራይቨር ያስተካክለዋል።

ከውጭ የሚሰኩት ርካሽ አዳፕተሮች የራሳቸው ችግር አላቸው። ብዙዎቹ «ሲኤስአር 4.0» የሚል ጽሑፍ ይዘው ይሸጣሉ። ሲኤስአር በብሪታንያ ካምብሪጅ የነበረና በ2015 በኳልኮም የተገዛ ኩባንያ ነው፤ በገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ አዳፕተሮች ግን የእሱን መለያ ቁጥር የኮረጁ ናቸው። ሥራቸው ከእውነተኛው ጋር ሙሉ በሙሉ ስለማይገጥም፣ ስርዓተ ክወናው ሲታደስና ጥያቄው ሲጠብቅ ኮድ 10 አሳይተው ይቆማሉ። ሊኑክስ እነዚህን ቅጂዎች ለይቶ ለማስተናገድ የተለየ ኮድ እስከ መጻፍ ደርሷል። በዊንዶውስ ላይ ግን ለእነሱ ተብሎ የሚሠራ ድራይቨር ፍለጋ መድከም ዋጋ የለውም። በተጨማሪም ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ የብሉቱዝ አዳፕተር ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ አዳፕተር ሲሰካ የላፕቶፑ የራሱ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ መታገድ አለበት።

በሊኑክስ በኩል ብሉቱዝን የሚመራው ብሉዚ ከ2001 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ያለ ነው። ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር ሲመጣ ፈርምዌሩ በተለየ ጥቅል ስለሚመጣ፣ አንዱ ታድሶ ሌላው ሲቀር ቺፑ አይነሳም፤ የከርነሉ መልእክት ውስጥም ፈርምዌሩ አለመገኘቱ ተጽፎ ይታያል። ኡቡንቱን የመሳሰሉ ስርጭቶች የቀድሞውን ከርነል ስለማያጠፉት ኮምፒውተሩን በአሮጌው አስነስቶ ማየት ይቻላል። በአሮጌው ከሠራ ጥፋቱ የአዲሱ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምርመራ በዊንዶውስ ላይ አይገኝም። በማክ ላይ ሃርድዌሩንም ሶፍትዌሩንም የሚያወጣው አፕል ስለሆነ ተጠቃሚው የሚነካው ድራይቨር የለም፤ ስህተት ሲኖር ማረሚያው የሚመጣው በሌላ አፕዴት ነው። በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ማክኦኤስ 12.2.1፣ የኢንቴል ማኮች ከብሉቱዝ ዕቃ ጋር ተገናኝተው ሲተኙ ባትሪያቸውን ይጨርስ የነበረውን ስህተት አርሟል።

ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ይህ በኢትዮጵያ ገበያ በብዛት የሚዘዋወሩትን ያገለገሉ ላፕቶፖች በቀጥታ ይነካል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል ባመዛኙ የሚቀበለው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ያሉ ፕሮሰሰሮችን ሲሆን፣ 6ኛና 7ኛ ትውልድ ላፕቶፖች መስፈርቱ እየታለፈ ሲጫንባቸው ለአዲሱ ስርዓት የተፈተነ የብሉቱዝ ድራይቨር ከሠሪያቸው ላያገኙ ይችላሉ። የኢንቴል 7260ን የመሳሰሉ አሮጌ ካርዶች ከኩባንያው አዳዲስ የድራይቨር ጥቅሎች ውስጥ ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ስርዓቱን ከመቀየሩ በፊት አሁን የሚሠራውን የብሉቱዝና የዋይፋይ ድራይቨር ከሠሪው ድረ ገጽ አውርዶ በፍላሽ ያስቀምጥ። ጥገና ቤቶችም ዊንዶውስ 11 ጭነው ከማስረከባቸው በፊት ላፕቶፑን አንድ ጊዜ አስተኝተው፣ አንድ ጊዜም ኤሌክትሪክ አቋርጠው ብሉቱዙን ይፈትኑት። ድራይቨሩ ካልተገኘ ላፕቶፑን ከመጣል ይልቅ የሽቦ አልባ ካርዱን ማስቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አንዳንድ ላፕቶፖች ከተፈቀደላቸው ካርድ ውጭ ስለማይቀበሉ ግን ሞዴሉ የሚቀበለውን ዓይነት ሳያረጋግጡ ካርድ መግዛት አይገባም።